የፅጌ ማያ

ግንቡ ከመሠራቱ በፊት ፅጌ የአዋሳን ሐይቅ ከቤቷ በረንዳ ላይ ሆና ታየው ነበር። ወንድሟ ማቴዎስ ማለዳ ጀልባውን ገፍቶ ሲወጣ በዓይኗ ትሸኘዋለች፤ ሲመለስም ገና ከሩቁ በአቀዛዘፉ ለይታ የሚታጠብበትን ውሃ ታሞቅለታለች። በ1975 ዓ.ም. ግን ከሰፈሩ በታች ካለው የመንግሥት እንግዳ ማረፊያ ጀምሮ ሕዝቡ ወደ ዳርቻው እንዳይወርድ የብሎኬት ግንብ ተገነባ። ቁመቱ ያን ያህል አልነበረም፤ ቆሞ ለሚሄድ ሰው አገጩ ጋ ቢደርስ ነው። ጎረቤቶቿ ሲያልፉ ቀና እያሉ ሐይቁን ያያሉ። ፅጌ ግን ቆማ አትሄድም።

የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ሳለች ነው፣ በእድገት በኅብረት ዘመቻ ጊዜ። ዘማቾቹን የጫነው መኪና ቁልቁለት ላይ ተገለበጠና ከወገቧ በታች ያለው አካሏ አልታዘዝ አላት። ዊልቸሩን ያገኘችው ከብዙ ደጅ ጥናት በኋላ ከአንድ የሚሲዮን ክሊኒክ ነው። ከከምባታ መጥተው አዋሳ የከተሙት ወንጌላዊ አባቷና እናቷ ካለፉ ወዲህ ቤቱ ውስጥ የቀሩት እሷና ታናሽ ወንድሟ ብቻ ነበሩ። እሱ በዓሣ አስጋሪዎች ማኅበር ይሠራል፤ እሷ ሹራብ ትሠራለች።

ማያዋን የሠራላት ሙህዲን ይባላል፤ መናኸሪያ አጠገብ መስታወት እየቆረጠ የሚሸጥ ነጋዴ ነው። አንድ ቀን የተሰበረ የመስኮት መስታወት ሊቀይር መጥቶ፣ በረንዳው ላይ ፊቷን ወደ ግንቡ አዙራ ስትሠራ አያት።

«እህቴ፣ እዚህ ተቀምጠሽ ምኑን ነው የምታዪው?» አላት።

«ብሎኬት» አለችው ቀና ሳትል።

ሙህዲን ሳቀ። ከዚያ ግንቡን አየ፣ የተቀመጠችበትን ወንበር አየ፤ ሳቁን ዋጠው። በሳምንቱ ተመልሶ ሲመጣ ክንድ ተኩል የሚሆን ጠባብ የጣውላ ሳጥን በብብቱ ይዞ ነበር። ሳጥኑ ከላይ በአንድ ጎኑ፣ ከታች ደግሞ በሌላው ጎኑ ተከፍቷል። በየጫፉ አንዳንድ መስታወት በሰያፍ ተገጥሞበታል።

«ወታደሮች ምሽግ ውስጥ ተቀምጠው የሚያዩበት ነው አሉ። ከታች ባለው ዓይንሽን አድርጊ።»

በብረት ማቀፊያ ከዊልቸሩ ክንድ ጋር አሰረላት። ፅጌ ጎንበስ ብላ አየች። ውሃው ነበር። ፀሐይ ያረፈችበት ሰፊ ውሃ፣ ውሃው ዳር በበቀለው ረጅም ሣር፣ በፊላው ጥግ የቆመ ሽመላ፣ ከማዶ ሰማያዊ ተራራ። ለረጅም ጊዜ ዓይኗን አላነሳችም። ሙህዲን መዶሻውን ሰብስቦ ቀስ ብሎ ወጣ።

ነገሩ ብዙም አልቆየላትም። የአብዮት ጥበቃው ባህሩ በዚያ ሲያልፍ አየና ለቀበሌው ነገረ። ሊቀመንበሩ ጓድ ገብረየስ ራሳቸው መጡ። ሳጥኑን በጣታቸው መታ መታ አደረጉት።

«ይሄ የጦር ሜዳ ዕቃ ነው።»

«መስታወት ነው፣ ጓድ ሊቀመንበር። ሐይቁን እንዳይበት ነው።»

«ግንቡ የተሠራው ሁሉም እንደፈለገው እንዳያይ ነው።»

«ለቆመ ሰው እኮ ይታያል» አለች ፅጌ።

ገብረየስ ፈገግ አሉ። «ቆሞ የሚያየውን እኛም እናየዋለን። ተቀምጦ የሚያየውንስ ማን ያየዋል? ፍቺው። ሁለተኛ ካየሁት የሚጠየቀው ወንድምሽ ነው።»

ፈታችው። አልጋዋ ሥር አስገብታ በጆንያ ሸፈነችው። አልሰበረችውም።

ሚያዝያ ላይ አንድ የውጭ አገር የክብር እንግዳ ወደ አዋሳ ይመጣል ተባለ። ድምፅ ማጉያ የጫነች መኪና በየሰፈሩ እየዞረች፣ እንግዳው እስኪመለስ ድረስ ሐይቁ ላይ አንድም ጀልባ እንዳይታይ አስነገረች። ክልከላው የመጣው ድንገት ነበርና የማኅበሩ መረቦች በውሃው ውስጥ እንዳሉ ቀሩ። ማቴዎስ ማታውን ሲቁነጠነጥ አመሸ።

«ዓሣው እዚያው ይበሰብስበታል። መረቡም አብሮ» አለ።

«ይበስብስ» አለችው። «ትሰማኛለህ? ይበስብስ።»

«ነገ ሰው ሁሉ ሰልፍ ላይ ነው። እኔና አምሳሉ ፊላ ለፊላውን ይዘን...»

«ማቴ!»

«እሺ፣ አልሄድም» አለ። እሺታው ግን አልጣማትም።

በማግሥቱ ከምሳ በኋላ የቀበሌው ሰው በሙሉ ትንንሽ ባንዲራ ይዞ ወደ አስፋልቱ ወጣ። ገብረየስ በሯ ላይ ሲያልፉ፣ «አንቺ ቅሪ፤ ወንበርሽ ሰልፉን ያበላሻል» ብለዋት ሄዱ። ሰፈሩ ጭር አለ። ከአስፋልቱ በኩል የማርሽ ሙዚቃ በነፋስ እየተቆራረጠ ይመጣል። ማቴዎስም ባንዲራ ይዞ ወጥቷል። ፅጌ ግን በአጥሩ ቀዳዳ ስታየው ወደ አስፋልቱ አልታጠፈም።

ሳጥኑን ከአልጋው ሥር ጎትታ አወጣች። ከወንበሩ ጋር አሰረችው፤ ወደ ግንቡ ተጠግታ ዓይኗን አኖረች።

መጀመሪያ ምንም አልነበረም። ቆየት ብሎ ከፊላው ውስጥ አንዲት ጀልባ ብቅ አለች። ከኋላ የተቀመጠው የወንድሟ የማኅበር ባልደረባ አምሳሉ ነው፤ ባለፈው የገና በዓል የሠራችለትን ቀይ ሹራብ ለብሷል። ልጁ ምን ነካው፣ ዛሬ ደግሞ ቀይ! ከፊት የሚቀዝፈው ጥቁር ኮቱን ያልጣለው ወንድሟ ነው። መረቡ ጋ ደርሰው ጎንበስ ብለው መጎተት ጀመሩ።

ከቀትር በኋላ የሚነሳው ነፋስ ያን ቀን ቀደም ብሎ ተነሳ። የግቢዋ የፓፓያ ቅጠል ሲንኳኳ ሰማች፤ ወዲያው የሐይቁ ገጽ ተሸበሸበ፣ ነጣ። «ልቀቁት» አለች በሹክሹክታ። «መረቡን ልቀቁት በናታችሁ።» ሁለቱም በአንድ ወገን ተደግፈው ነበር። ጀልባዋ አንድ ጊዜ ወደ ጎን ዘመም አለች፤ ተመለሰች፤ ደግማ ስትዘም አልተመለሰችም።

ፅጌ ጮኸች። የሰማት ውሻ ብቻ ነው።

እንደገና ስታይ የጀልባዋ ሆድ እንደ ጉማሬ ጀርባ ከውሃው በላይ ይታያል። አጠገቡ ጀልባዋን የሙጥኝ ያሉ ሁለት ራሶች አሉ። ሁለቱም ይዘዋል። ጌታ ይመስገን፣ ሁለቱም ይዘዋል።

ምን ታድርግ? በሐይቁ ዳር ያለችው ባለሞተር ጀልባ አንዲት ናት፤ እሷም እንግዳ ማረፊያው ወደ ሐይቁ በሚከፈተው የኋላ በር ላይ በጠባቂ እጅ ናት። ጠባቂዎቹን ብትጠራ ማቴዎስና አምሳሉ ይታሰራሉ። በዚያ ዘመን ለታሰረ ሰው መቼ ይወጣል ተብሎ አይጠየቅም፤ ይወጣል ወይ ተብሎ ነው። ደግሞም ነፋሱ ቢመልሳቸውስ? እግራቸው መሬት ቢነካና ማንም ሳያያቸው በፊላው ውስጥ ሹልክ ቢሉስ? ዓይኗን ሳትነቅል ጠበቀች። ጀልባዋን በማዶው ዳርቻ ካለ አንድ ደረቅ ዛፍ ጋር እያስተያየች ነበር። ጀልባዋ ከዛፉ በስተቀኝ ነበረች፤ ትክክል መጣች፤ አለፈችው። ነፋሱ ወደ ሐይቁ መሃል እየወሰዳት ነው።

ከዚያ የባለ ጥቁር ኮቱ፣ የወንድሟ ራስ ጠፋ።

ቀዩ ሹራብ በጀልባዋ ሆድ ላይ ተንፏቀቀ፣ አንድ ክንዱን ውሃው ውስጥ ሰደደ፣ ጎተተ። የወንድሟ ራስ ተመልሶ ብቅ አለ። አሁን ግን ይዞ አልነበረም፤ ተይዞ ነበር።

ከዚህ በላይ አልጠበቀችም።

ከበሯ እስከ እንግዳ ማረፊያው የኋላ በር ያለው መንገድ አሸዋ ነው። የወንበሩ ትንንሾቹ የፊት እግሮች አሸዋ ሲነካቸው እንደ ማረሻ ይሰምጣሉ። ስለዚህ ዞረችና ጀርባዋን ሰጥታ፣ ትልልቆቹን ጎማዎች ወደ ኋላ እየጎተተች ሄደች። የሚታያት የመጣችበት መንገድ እንጂ የምትሄድበት አልነበረም። መዳፏ ተላጠ። በየመሃሉ ወደ ሐይቁ ልትዞር ያምራታል፤ አልዞረችም።

በሩ አጠገብ አሸዋው አልቆ ቁልቁል የሚወርድ ጠጠር ሲጀምር ከጀርባዋ ድምፅ መጣ።

«ቁም!»

ጠመንጃ ሲቀባበል ሰማች። ጎማዎቹን ጨምድዳ ያዘች።

«እጅ ወደ ላይ!»

«እጄን ካነሳሁ ይንሸራተታል!»

«እጅ ወደ ላይ ብያለሁ! ምንድን ነው ያሰርሽው?»

እጇን አነሳች። ወንበሩ ጠጠሩን እያንኮሻኮሸ ቁልቁል ወደ ወታደሩ ተንደረደረ። ፅጌ ዓይኗን ጨፈነች። ተኩሱን ስትጠብቅ የሆነ ነገር ወንበሩን በኃይል ገትቶ አቆመው። ለዚያ ቀን ከወታደሩ ጋር በሩን እንዲጠብቅ የተመደበው ባህሩ ነበር። ሮጦ ደርሶ ጎማው ሥር እግሩን አስገብቷል።

«ተው ወንድም፣ ተው!» አለው ወታደሩን። «የሰፈራችን ልጅ ናት። ፅጌ ናት።»

ወታደሩ ከእንግዳው አጃቢዎች አንዱ፣ ገና ጢሙ ያልጠነከረ ወጣት ነው። አፈሙዙን አላወረደም። ባህሩ ሳጥኑን አይቶ ፊቱ ተለዋወጠ።

«ይሄን ነገር ፍቺው አልተባልሽም?»

«ጀልባ ተገልብጧል» አለች። «ሰው እየሰመጠ ነው። ሞተሩን አስነሱ።»

«ዛሬ ጀልባ የለም። ሐይቁ ዝግ ነው።»

«አለ። ማቴዎስና አምሳሉ ናቸው።»

ስሙ ካፏ ወጣ። የወጣ ቃል አይመለስም።

ወታደሩ ወደ ሐይቁ ዞረ። ከበሩ ፊት ያለው ፊላ ከሰው ቁመት በላይ ነው፤ ከጀርባው የሚታይ ነገር የለም። «እኔ እዚህ ቆሜ ያላየሁትን አንቺ ተቀምጠሽ፣ ያውም ግንብ አሻግረሽ፣ እንዴት አየሽ?»

«በዚህ። ፍታውና አንስተህ እይ። በጌታ ይዤሃለሁ፣ እይ!»

ወታደሩና ባህሩ ተያዩ። ባህሩ ማቀፊያውን ፈታ። ወታደሩ ጠመንጃውን አንግቶ፣ ሳጥኑን ከፊላው በላይ ከፍ አድርጎ ዓይኑን አስጠጋ።

«ሰማይ ነው የሚታየኝ።»

«ወደ ኋላ አጋድለኸዋል። ቀጥ አድርገው። የላይኛው ክፍት ወደ ሐይቁ ይሁን።»

ቀጥ አደረገው። ከአስፋልቱ በኩል ጭብጨባ ተሰማ፤ እንግዳው ሳይደርስ አልቀረም።

«ጥቁር ነገር አለ» አለ ወታደሩ።

«ጀልባዋ ናት። ሰውስ? ሰው ይታይሃል?»

«ቀይ ነገር... ቆይ። እጅ ነው። እጅ እያወዛወዘ ነው።» ሳጥኑን አወረደ። «ግን ትዕዛዝ የለኝም።»

ባህሩ መሬት መሬቱን አየ። ፅጌ የሁለቱንም ፊት እያፈራረቀች አየች፤ ልመናው አልቆባት ነበር።

«ሞተር ትነዳለህ?» አለ በመጨረሻ ወታደሩ።

«እነዳለሁ» አለ ባህሩ።

«ከጠየቁህ ወታደሩ አስገድዶኝ ነው በል። እኔንም ከጠየቁኝ... እሱን እዚያው እናያለን። ና!»

ሳጥኑን ጭኗ ላይ ጥለውላት ሮጡ። ሞተሩ አንድ ጊዜ አልነሳም አለ፤ ቀጥሎ ተነሳ። ፅጌ ሳጥኑን በሁለት እጇ ከራሷ በላይ ዘረጋችው፤ ከታች ያለው ክፍት ከዓይኗ ራቀ። ወደ ዓይኗ ስታወርደው ደግሞ ላይኛው ጫፍ ከፊላው በታች ቀረ። አሁን የምታየው አረንጓዴ ነገር ብቻ ነው። የሞተሩ ድምፅ ሩቅ ሄደ፣ ቀጠነ፤ ከዚያ ተቋረጠ። ከነፋሱ በቀር ምንም አይሰማም። መዝሙረ ዳዊት ልትል ሞከረች፤ ከአባቷ ጋር ስንት ጊዜ ያለችው ቃል ጠፋባት። «እባክህ» ብቻ ነው የቀረላት፤ እሱኑ ደጋገመች።

ሞተሩ ተመልሶ ሲነሳ ፊቷን በእጇ ሸፈነች፤ በእጇ ያለው ደም ጉንጯን እንደነካ አላወቀችም።

ሁለቱንም አመጧቸው። አምሳሉ በጀልባዋ ወለል ላይ ተዘርሮ ያስመልሳል። ማቴዎስ ከንፈሩ ጠቁሮ፣ ጥርሱ እየተንገጫገጨ ተቀምጧል። በባህሩ ትከሻ ተደግፎ ሲወርድ እህቱን አያት፤ የወታደሩን ጠመንጃ አየ።

«አንቺ ነሽ የጠራሻቸው?» አለ።

ከዚያች ሌላ ቃል አልተናገራትም። ሁለቱንም ልብሳቸው ሳይደርቅ ወደ እስር ቤት ወሰዷቸው።

ፅጌን በማግሥቱ ሳጥኑን ይዛ እንድትቀርብ ቀበሌ ጠሯት። የቢሮው ደረጃ ከፍ ያለ፣ በሩም ለዊልቸሩ የጠበበ ነበር። ገብረየስ ውስጥ ጠረጴዛቸው ጋ እንደተቀመጡ፣ እሷ ደጅ ፀሐይ ላይ እንዳለች ምርመራው ተጀመረ።

«ለማን ምልክት ትሰጪ ነበር?»

«ለማንም።»

«መስታወት ያንፀባርቃል። የክብር እንግዳ በገባበት ሰዓት፣ በግንብ ላይ፣ ወደ ሐይቅ የዞረ መስታወት! ምን ብዬ ልመን?»

«ወንድሜ ሲሰምጥ ነበር። የነበረው ወታደር ይመስክር።»

«ወታደሩ ከእንግዳው ጋር ሄዷል።»

እሷም ይህን ታውቃለች። ገብረየስ ባህሩን አስጠሩ። ባህሩ በደረጃው ላይ፣ በሁለቱ መሃል ቆመ። ፅጌ የሚናገረውን አስቀድማ የሰማችው መሰላት፤ ወታደሩ አስገድዶኝ ነው ይላል፣ ሳጥኑንም ፍቺ ተብላ ነበር ይላል። እሱም እውነት ነው።

ባህሩ ወደ ገብረየስ ዞረ። «ጓድ ሊቀመንበር፣ ሞተሩን የነዳሁት እኔ ነኝ። ስንደርስ ሁለት ሰው እየሞተ ነበር። እሷ ባትነግረን ኖሮ እንግዳው ዛሬ ማለዳ ከመሄዱ በፊት በሐይቁ ዳር ሲንሸራሸር ሁለት ሬሳ ነበር የሚያየው።»

ገብረየስ ብዕራቸውን አስቀመጡ። ስለዚህኛው ነገር ያላሰቡ ይመስላሉ። ተነስተው ወደ በሩ መጡ፣ ሳጥኑን ከጭኗ ላይ ወስደው በደረጃው ጠርዝ መቱት። ጣውላው ተሰነጠቀ፤ መስታወቱ ረገፈ።

«ሂጂ» አሏት። «ወንድምሽ ግን ሕግ ጥሷል።»

ማቴዎስና አምሳሉ ክረምቱ እስኪገባ ታሰሩ። ፅጌ በየቀኑ ምግብ ትሠራለች፣ የጎረቤት ሰው ያደርስላታል። ሳህኑ ባዶውን ይመለሳል፤ መልእክት ግን አብሮት አይመጣም። ሙህዲን አንድ ቀን መጥቶ፣ እኔንም ጠይቀውኝ ነበር፣ ሁለተኛ እንዲህ ያለ ነገር አልሠራም፣ ይቅር በይኝ አላት። አልፈረደችበትም።

ማቴዎስ ከስቶ ተፈታ። ቤት ገብቶ ይበላል፣ ይተኛል፤ ከእሷ ጋር ግን ከአስፈላጊ ቃል በላይ አይነጋገርም። አንድ ምሽት ሹራቧን ስትሠራ ሲያያት ቆየና ድንገት ፈነዳ።

«ትንሽ ብትታገሺ እንወጣ ነበር። ወደ ፊላው እየተጠጋን ነበር።»

«እየራቃችሁ ነበር።»

«ውሃው ውስጥ የነበርኩት እኔ ነኝ ወይስ አንቺ?»

«አንተ ነህ» አለች። «ያየሁት ግን እኔ ነኝ። ከማዶ ካለው ደረቅ ዛፍ ጋር እያስተያየሁ ነበር። ነፋሱ ወደ መሃል ወሰዳችሁ። ደግሞ ጠብቄያለሁ። እንዳትታሰር ብዬ የጠበቅሁትን አታውቅም። እጅህ እስኪለቅ ጠብቄያለሁ።»

«እጄ አልለቀቀም።»

«ለቋል፣ ማቴ።»

«አልለቀቀም አልኩሽ! እስከ መጨረሻው ይዤ ነበር። የሚያስቸግረኝ አምሳሉ ነበር፤ በዚያ ሁሉ መሃል መዝሙር ይዘምራል። ትንፋሽህን ቆጥብ፣ አንተ ደንቆሮ እያልኩ ስሰድበው ነው የቆየሁት።»

ፅጌ ሹራቡን አስቀመጠች። አምሳሉ ለካ አልነገረውም። ያንን ሁሉ ጊዜ አንድ ክፍል ውስጥ አብረው ታስረው፣ አንድም ቀን አልነገረውም።

«ስማኝ» አለችው በቀስታ። «ራስህ ከውሃው በታች ገባ። አየሁ። ቀዩ ሹራብ በጀልባዋ ላይ ተንፏቅቆ መጣና እጁን ሰዶ ጎተተህ። ከዚያ በኋላ አንተ አልያዝክም፤ እሱ ነው የያዘህ። ሞተሩ እስኪደርስ ይዞህ ነበር።»

ማቴዎስ መዳፎቹን ገልብጦ አያቸው፤ የሌላ ሰው እጅ ይመስል ደጋግሞ አያቸው። ወደ ከሳው ፊቱ ደም መጣ።

«እኔ እኮ» አለ። «እኔ እኮ ስሰድበው...»

ሳይጨርስ ተነሳ። ውጭ ካፊያ ነበር። ኮቱን ከሚስማሩ ላይ አውርዶ ትከሻው ላይ ጣለ፣ በሩን ከፈተ፤ ተመልሶ መጥቶ የእህቱን ራስ ሳመና አምሳሉ ወደሚኖርበት ወደ አዲስ ከተማ ሰፈር በጭቃው ውስጥ እየፈጠነ ሄደ።